ኬሚስትሪ ወይስ የአጸደ ሕፃናት መምህርነት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የምደባ ወሬ ሲጀመር በደሴ ቤቶች ከሚነሱት ክርክሮች አንዱ ይኼ ነው፤ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የደረሳትን ኬሚስትሪ ትማር ወይስ እዚሁ መምህራን ኮሌጅ ገብታ የአጸደ ሕፃናት መምህር ትሁን። አባት «ኬሚስትሪ ሳይንስ ነው፣ ፋብሪካ ያስገባል» ይላል። እናት ልጇ ከቤት ሳትርቅ የምትማረውን ትመርጣለች። አክስት ደግሞ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ «ልጅ ለመጠበቅ ኮሌጅ ምን ያደርጋል?» ብላ ትጨምርበታለች። ሦስቱም ከእውነቱ ቁራሽ ይዘዋል፤ ትምህርቱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አንዳቸውም አላዩም።

የራሴን አቋም ከፊት ላስቀምጥ። ኬሚስትሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሥራ ያሲዛል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ሥራ የሚያሲዘው ከላዩ የሚጨመርበት ነገር ነው፤ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ማስተርስ፣ ወይም ኮምቦልቻ ወርዶ ፈረቃ ለመግባት መቁረጥ። የአጸደ ሕፃናት ትምህርት አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያስተምረው፤ ያንን ሥራ ግን ገና ኮሌጅ እያላችሁ ገብታችሁበት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጠዋት ተነስታችሁ ምን እየነካችሁ መዋል እንደምትችሉ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ብርጭቆና አሲድ ወይስ ንፍጡ ያልተጠረገ የአራት ዓመት ልጅ።

መግቢያው

በአገር አቀፉ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ግድ ከሆነ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሰው ቁጥር በጣም ቀንሷል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ትንሽ የጎደላቸው በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) በኩል ዕድል ያገኛሉ። የገባው ሁሉ መጀመሪያ የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ የሚደለደለውም በውጤቱ።

«ኬሚስትሪ ደረሰኝ» የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። ጤናውና ኮምፒውተር ነክ የሆነው ቀድሞ ይሞላል፤ ኬሚስትሪን አንደኛ ብሎ የሞላ ተማሪ ብርቅ ነው። ይህ ነገር ወዶ ለሚገባ ሰው ጥቅም አለው። ተገፍተው የገቡ ብዙ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ወዶ የገባ አንድ ተማሪ ቶሎ ይታያል፤ መምህራኑ ያቀርቡታል፣ ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ረዳት ሲፈለግ ስሙ ቀድሞ ይነሳል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ደሴ ባለው ግቢው ነው፤ ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ነው። ይሁንና ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ የደሴ ልጅ ኬሚስትሪ ለመማር ሌላ ክልል ሊሄድ ይችላል። እናቶች ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ መግቢያው ሌላ ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በየዓመቱ በሚያወጣው መስፈርት ይመለምላል፤ መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የአምናውን ማስታወቂያ በቴሌግራም አይታችሁ አትወስኑ። ሄዳችሁ የዘንድሮውን አንብቡ። ስታነቡም አንድ ነገር ለዩ፤ ሥልጠናው ሰርተፍኬት ነው፣ ዲፕሎማ ነው ወይስ ዲግሪ? የምትቀጠሩበት ደረጃና ትምህርቱን የምትቀጥሉበት መንገድ በዚህ ይለያያልና።

ኬሚስትሪ ውስጡ ምን አለ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ የወደደ ሁሉ የዩኒቨርሲቲውን አይወደውም። እዚያ ትምህርቱ በዋናነት በአራት ይከፈላል፤ አናሊቲካል፣ ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክና ፊዚካል። ብዙ ልጅ ኦርጋኒክን ፈርቶ ይገባል፤ ግን በሽምደዳም ቢሆን ይታለፋል። ሰው የሚወድቀው ፊዚካል ኬሚስትሪ ላይ ነው። ቴርሞዳይናሚክስ፣ የሪአክሽን ፍጥነት፣ ኳንተም፤ ሁሉም ካልኩለስ ነው። ሒሳብ እያስለቀሳችሁ ኬሚስትሪ የምትወዱ ከሆነ ሒሳቡን አሁኑኑ አጥብቃችሁ ያዙት፤ ዲፓርትመንት ከገባችሁ በኋላ ጊዜ የለም።

ሌላው ላብራቶሪው ነው። በክሬዲት ሲቆጠር አንድ ብቻ የሆነ ላብ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ከላዩ ሪፖርት አለው። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ በአንዱ ላሳያችሁ። ቲትሬሽን ትሠራላችሁ እንበል። ቢዩሬቱን፣ ማለትም ልኬት የተሰመረበትን ረጅም የብርጭቆ ቱቦ፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ትሞላላችሁ፤ ከሥሩ ባለው ፍላስክ ውስጥ መጠኑን የማታውቁት አሲድ አለ፣ ቀለሙን የሚለውጥ ጠቋሚ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ፌኖልፍታሊን፣ ጨምራችሁበታል። የቢዩሬቱን ቧንቧ ከፈት አድርጋችሁ በአንድ እጅ ፍላስኩን እያሽከረከራችሁ ታፈሳላችሁ። ሮዝ ቀለም ብልጭ ይልና ይጠፋል። እየቆየ መጥፋቱ ይዘገያል፤ ያኔ በጠብታ ትሄዳላችሁ። ስስ ሮዝ ሆኖ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይጠፋ ከቆየ ደርሳችኋል። አንዲት ጠብታ ከበዛች ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ደፍታችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። ከዚያም ንባቦቹ በአንድ አሥረኛ ሚሊሊትር ውስጥ እስኪቀራረቡ ትደጋግሙታላችሁ። ይህን ሳነብ እንኳ ሰለቸኝ ያለ ሰው መልሱን አግኝቷል። «እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክረው» ያለም እንደዚሁ።

ላቡ ሙሉ መሆኑን መጠየቅ አለባችሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል፤ የላብ ዕቃ ደግሞ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ከገበያ ተገዝቶ በሳምንት የሚተካ አይደለም። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ብትመደቡ ከፍ ያለ ክፍል ያለ ተማሪ ፈልጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ «አንድ ቢዩሬት ለስንት ሰው ነው?» ለሁለት ለሦስት ካለ ጥሩ ነው። «አንዱ ይሠራል ሌላው ያያል፣ ሪፖርቱን እንገለብጣለን» ካለ፣ ከዲግሪው ጋር የሚመጣው ችሎታ ግማሽ እንደሆነ ቁጠሩት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በየዓመቱ የተማሩትን ዋና ዋና የሙያ ኮርሶች አንድ ላይ የሚጠይቅ ስለሆነ ሃንድአውት በሽምደዳ ይዞ ኮርሱ ሲያልቅ የሚረሳ ሰው መጨረሻው ላይ ይያዛል።

የአጸደ ሕፃናት ትምህርት ውስጡ ምን አለ

አክስት ልክ ያልሆነችው እዚህ ጋ ነው። ሕፃን መጠበቅና ሕፃን ማስተማር ይለያያሉ፤ ልዩነቱን ለማየት አንድ ጥያቄ በቂ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ለምንድን ነው እርሳሱን በጭብጡ የሚይዘው? ያልሠለጠነ ሰው «እንዲህ ያዝ!» ብሎ ጣቱን ያጣምምበታል። የሠለጠነች መምህር ግን የጣቱ ጡንቻ ገና እንዳልጠነከረ ታውቃለች። ስለዚህ ሀ ሁን ከማስጻፏ በፊት ጭቃ ታስለውሰዋለች፣ ዶቃ በክር ታሰካዋለች፣ ወረቀት ታስቀድደዋለች፣ ቆርኪ በቀለም በቀለሙ ታስለየዋለች። ከዚያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ ክብ፣ ከዚያ ፊደል። 231ዱን ፊደል በመጀመሪያው ወር እንዲያነበንብ ማድረግ ይቻላል፤ በዜማ ይላል፣ ቤት ሄዶም ወላጁን ያስደስታል። ገበታው ላይ «ይቺ ማን ናት?» ሲባል ግን ዝም ይላል።

ኮሌጁ ውስጥ የሚሰጠው የልጆች የአካልና የአእምሮ ዕድገት፣ በጨዋታ ማስተማር፣ የምግብና የጤና አጠባበቅ፣ ተረትና መዝሙር፣ ልዩ ፍላጎት፣ ከአካባቢ ቁሳቁስ መማሪያ ማዘጋጀት፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ወርዶ ልምምድ ነው። ሥሩ ረጅም ነው። ጀርመናዊው ፍሮብል ጨዋታን ትምህርት አድርጎ ተቋም የከፈተው በ1837 ነው፣ ሞንቴሶሪ ሮም ላይ የሕፃናት ቤቷን የጀመረችው በ1907፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። እኛ አገር ዘመናዊው አጸደ ሕፃናት የጀመረው ድሬዳዋ ላይ ለባቡር ሠራተኞች ልጆች ነው ይባላል። ወሎ ግን ከዚያም በፊት የራሱ ነበረው፤ አንዱ ልጅ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጥር ጎረቤቱ መድረሳ ገብቶ አሊፍ ባ ይላል። የደሴ አጸደ ሕፃናት መምህር ሁለቱንም ዓይነት ልጅ በአንድ ክፍል ትቀበላለች። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ከከሚሴ በኩል የመጣ፣ ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሕፃንም አለ። አማርኛ ስላልመለሰላችሁ ፈዛዛ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ የሚያስተምራችሁ ይህ ሥልጠና ነው።

ከባዱ ነገር የአካል ድካሙ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከተቀመጠ ብዙ ተቀመጠ። እናንተም አትቀመጡም። ድምፃችሁ ይሻክራል፣ ጉንፋን የዓመት ደንበኛችሁ ይሆናል፤ በተለይ ደሴ ላይ፣ ክረምቱም ጉሙም ያልለቀቀው መስከረም ላይ። ሕፃን ሲያለቅስ ጭንቅላቱን የሚይዝ ሰው ይህን ሥራ አይሞክረው። ወንዶችም «ለሴት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወንድ መምህር ያለበት አጸደ ሕፃናት ጥቂት ስለሆነ ተፈላጊነቱም አለ፣ መሳቂያ የሚያደርጋችሁም አይጠፋም። ሁለቱንም እወቁት።

ሥራው የት ነው

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ እዚያ ይገባል የሚባለውን ትንሽ ላርመው። ከተማዋ የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቆርቆሮ ፋብሪካ አላት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከእነዚህ ውስጥ ኬሚስት በቀጥታ የሚፈልገው የጥራት ቁጥጥር ክፍሉ ነው። ቢራ ላይ ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ የአልኮልና የስኳር መጠን ይለካል። ጨርቅ ማቅለሚያ ላይ የቀለሙና የካስቲክ ሶዳው ልክ ይታያል። ቆዳ ላይ ክሮሙ፣ ቆርቆሮ ላይ የአሲዱና የዚንኩ መታጠቢያ። ከዚያ ሁሉ የሚወጣው ፍሳሽ መጨረሻው ወደ ቦርከና ወንዝ ስለሆነ የፍሳሽ ምርመራም ሥራ ነው፤ እንደ እኔ ከአሁኑ በላይ ሰው የሚያስፈልገው እዚያ ነበር።

ችግሩ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ትንሽ መሆኑ ነው። መቶዎች በሚሠሩበት ፋብሪካ ላቡ ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ካልለቀቀ ቦታ አይከፈትም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ደግሞ ኢንጂነሮቹ ይዘውታል። ፓርኩ በአብዛኛው ልብስ ስፌት ነው፤ ስፌት መርፌና ፈጣን እጅ እንጂ ኬሚስት አይፈልግም። በዚያ ላይ በጦርነቱ ዝርፊያ ደርሶበታል፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድሏ፣ ያስወጣችው ደግሞ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ኬሚስትሪ፣ 0 ዓመት» የሚል ስታዩ ቀናችሁ ነው፤ አብዛኛው «2 ዓመት» ይላል።

ወላጆች የሚሳሳቱበት ሌላ ነገር ሆስፒታልና ፋርማሲ ነው። ኬሚስትሪ የተመረቀ ሰው ሆስፒታል ላብ አይገባም፤ ያ የሜዲካል ላብራቶሪ ነው። መድኃኒት ቤትም አይከፍትም፤ ያ የፋርማሲ ነው። ይህን ልጁ ሦስተኛ ዓመት ከደረሰ በኋላ የሚሰማ አባት አይቻለሁ፤ ፊቱ አያስቅም። ለኬሚስትሪ ምሩቅ ከፋብሪካ ውጭ ያለው ሰፊው በር ማስተማር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ከዲግሪው በላይ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይጠየቃል፤ ያ ተጨማሪ ጊዜ ነው። ማስተርስ የያዘ ደግሞ ዩኒቨርሲቲና ምርምር ተቋም ይሞክራል።

የደሴ ልጅ ሆናችሁ ኮምቦልቻ ብትቀጠሩ የሐረጎን ዳገት በየቀኑ መውረድና መውጣት አለ። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ግን የማታ ፈረቃ ሲሆንና ጉም ሲወርድ ርቀቱ ሌላ ነው። ብዙዎች መጨረሻቸው ኮምቦልቻ ቤት መከራየት ነው። ደመወዙን ስታሰሉ ይህን ቀንሱ።

ለአጸደ ሕፃናት መምህር የሥራው ቦታ ሠፈር ውስጥ ነው። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ ብሎ ስላስቀመጠ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢያቸው ውስጥ እነዚህን ክፍሎች ይከፍታሉ፤ ለክፍሉ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። የግል ኬጂውም ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ ሞልቷል። ነገር ግን የግሎቹ ደመወዝ ዝቅ ያለ ነው፣ ክረምት ላይ የማይከፍልም አለ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት «የሐምሌና የነሐሴስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላም ፀብ አለ። ባለቤቱ ወላጅ እንዳይሄድበት የአራት ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ ድርሰት እንዲጽፍና የቤት ሥራ ተሸክሞ እንዲሄድ ይፈልጋል፤ እናንተ የተማራችሁት ግን ልጁ እንዲጫወት ነው። ከወላጅ ጋር የመነጋገር ችሎታ የሌላት መምህር እዚህ ቶሎ ትሰበራለች።

በዚህ መስክ የራስን መክፈት ይቻላል፤ ኬሚስት የራሱን ላብ ልክፈት ቢል የመሣሪያው ዋጋ ከልጅ ልጁ ዕድሜ በላይ ያስቆጥበዋል። ደሴ ላይ ግን የሚያስቸግረው መሬቱ ነው። ከተማው ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስለሆነ ልጅ የሚሮጥበት ለጥ ያለ ግቢ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ደረጃ የበዛበት ቤት ተከራይታችሁ የከተማው ትምህርት መምሪያ ለፈቃድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ አላት፤ ፋብሪካ ገብታ ልጇን የምታስቀምጥበት የምትፈልግ እናትም አላት። ይህን ንግድ የሚያስብ ሰው ቁልቁል ቢያይ እመክራለሁ።

ገንዘብና ጊዜ

ኬሚስትሪ ፍሬሽማኑን ጨምሮ አራት ዓመት ነው፤ ሬሜዲያል ያለበት አንድ ይጨምር። በወጪ መጋራት ስለሆነ ስትመረቁ ከደመወዛችሁ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። መምህራን ኮሌጅ እንደ ደረጃው ያጥራል፤ የደሴ ልጅ ደግሞ ከእናቱ ቤት እየበላ ይማራል፣ ይህም በዛሬ ኑሮ ቀላል አይደለም።

ለማን የቱ

ሒሳብ የማይከብዳችሁ፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ አንድን ነገር አሥር ጊዜ መደጋገም የማይሰለቻችሁ፣ ከዲግሪ በኋላም ለመቀጠል ያሰባችሁ ኬሚስትሪን ያዙ፤ የደረሳችሁ ቢሆንም እንኳ። ገና ሁለተኛ ዓመት እያላችሁ ክረምት ላይ ፋብሪካ ለልምምድ ማመልከት ጀምሩ፤ ያ «2 ዓመት» የሚለውን ግድግዳ የሚቀንሰው እሱ ነው። ኬሚስትሪን የምትይዙት «ዲግሪ ይባልልኝ» ብላችሁ ብቻ ከሆነ ግን ፊዚካል ኬሚስትሪ ሐሳባችሁን ያስቀይራችኋል።

ሠፈር ውስጥ ልጆች የሚከተሏችሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ትንንሾቹን አስተምራችሁ የምታውቁ፣ መዝፈንም መቀለድም የማያሳፍራችሁ ከሆናችሁ አጸደ ሕፃናት ግቡ። «የተሻለ እስካገኝ» ብላችሁ ግን አትግቡ፤ የአራት ዓመት ልጅ የሰለቸውን ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ሞክሩት፤ አንድ ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃችሁ አንድ ሙሉ ጠዋት፣ እስከ ቤት መሄጃ፣ ተቀምጣችሁ ዋሉ። ማየት የፈለጋችሁት የዕረፍት ሰዓቱን ከሆነ ግን አትልፉ፤ ያን ሰዓት ሁሉም ልጅ ቆንጆ ነው።

የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን እውቅና በዓይናችሁ እዩ። እውቅናው ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም፤ ለዚያ ትምህርት፣ ለዚያ ካምፓስና ለዚያ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደለት ደሴ ላይ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም፤ በመደበኛ የተፈቀደለትም በርቀት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም።

አንዱን ጀምራችሁ ካልሆነላችሁ ደግሞ እንዳትጠፉ። ሻንጣ ይዞ ወደ ቤት የገባ ተማሪ ያልተፈተነባቸው ኮርሶች ኤፍ ይመዘገቡበታል፤ ሬጅስትራር ሄዶ የዊዝድሮው (የማቋረጫ) ፎርም በጊዜው የሞላ ግን ሐሳቡ ቢለወጥ ለመመለስ ማመልከት ይችላል። የፎርሙን ኮፒ አስፈርማችሁ እጃችሁ ላይ አስቀሩ።